የይቅርታው ድንጋይ

የዝነኛዋ የፊልም ተዋናይ ልጅ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ይቅርታ ሊጠይቅ መካኒኩ ቤት ሲገባ፣ ግቢውን የሞላው ሰው አንጀቱ ተንሰፈሰፈ። መካኒኩ ግን ከመቀመጫው ንቅንቅ አላለም። ይህ ጎረምሳ ለአማተሮች የመኪና ውድድር እለማመዳለሁ ብሎ በሰፈሩ አስፋልት ሲከንፍ፣ ዳቦ ልትገዛ የወጣችውን አንዲት ልጁን፣ ውዳላትን፣ ገጭቶ ገድሎበታል።

ጎረምሳው ድንጋዩ እንደከበደው እየተንገዳገደ መጥቶ መካኒኩ እግር ሥር ተደፋ። እናቲቱ አገር የሚያውቀውን እንባዋን እያፈሰሰች፣ «ስለ እመብርሃን ብለው ይማሩልኝ!» አለች።

«ኧረ ድንጋዩን አንሣለት፤ አንገቱ ሊቀነጠስ ነው እኮ!» አሉት ለዕርቅ ከመጡት ሽማግሌዎች አንዱ።

በመጨረሻ መካኒኩ ሆዱ ባባ። ጎንበስ ብሎ፣ ወገቡን አጥብቆ፣ ድንጋዩን በሁለት እጁ ወደ ላይ ሳበው። እንደ ላባ ብድግ አለለት። ለፊልም ተብሎ ግራጫ ቀለም የተቀባ ስፖንጅ ነበር።

ቀና ሲል ከእናቲቱ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጩ። እንባዋ ቀጥ አለ።

መካኒኩ ከባድ ነገር እንደያዘ ሰው እያቃሰተ፣ ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠው። ጎረምሳውንም አንሥቶ አቅፎ ሳመው። ግቢው በእልልታ ቀለጠ።

«ውድድርህ መቼ ነው?» አለው በጆሮው።

«እሁድ።»

«በል ቅዳሜ መኪናዋን ጋራዥ አምጣት። ፍሬኗን እኔው ራሴ አይልሃለሁ።»