ሰው ሳዪ

የካርቶን ፋብሪካው የማሽን ደህንነት ተቆጣጣሪ ለመቅጠር አምስት ሰዎች ጠርቶ ነበር። አራቱ ተፈትነው ወጥተዋል፤ አሁን ተራው የአምስተኛዋ አመልካች ነው። የሰው ኃይል ኃላፊው የትምህርት ማስረጃዋን እንኳ ሳይገልጥ ነጭ ወረቀትና እርሳስ ገፋላት።

«ሰው ሳዪ፤ እንደመጣልሽ።»

ሳለች። ቆብ ያደረገ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ፈገግ ያለ ወጣት ነው። ኃላፊው ሥዕሉን አየና ጠረጴዛው ላይ ያለውን የሥዕል መተርጎሚያ መመሪያ ገለጥ ገለጥ አድርጎ ራሱን ወዘወዘ።

«ቀኝ እጁን ረስተሻል። ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ? ኃላፊነት መሸሽ ማለት ነው። አዝናለሁ፣ እዚህ ፈተና ላይ የወደቀ ሰው አንቀጥርም።»

«አልረሳሁም።» ከወንበሯ አልተነሳችም። «ወንድሜ አንዳርጌ ነው። ቀኝ እጁን የበላው የእናንተ መቁረጫ ማሽን ነው። መከለያው ተሰብሯል እያለ ሦስት ወር ሲጮኽ የሰማው አልነበረም።»

ኃላፊው መመሪያውን ዘጋው።

«ሲቀጠር እሱንም ሰው ሳል ብላችሁት ነበር» አለች። «ፋይሉን ያስወጡና ይዩት። ሁለት እጅ ያለው ሰው ስሎ ነው ያለፈው።»