አራተኛዋ ካርድ

ሃሃሃሃ! ሴትዮዋ ቀጮን በመወልወያ ስትለው ሳተችውና ግድግዳውን አገኘችው፤ እንጨቱ ለሁለት! ኮሪደሩ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ተንፈራፈረ። ቆይ፣ ይሄ ምኑ ያስቃል፤ ዋናው ገና መጨረሻው ላይ ነው።

ሴትዮዋ ስቶር ኪፐር ናት። በስሟ የሚጠራት የለም፤ መቶ አለቃ ነው የሚሏት። ያለ ፊርማ አንዲት ብሎን አታወጣም። ደግሞ የምትጠብቀው ዕቃ ዋዛ አይደለም፤ የኢንተርኔት ካርድ ነው። ካርድ ሲባል ኪስ የምትገባዋ እንዳትመስላችሁ። ትሪ የምታህል፣ ሁለት እጅ የምትፈልግ፣ ጥቃቅን ብረታ ብረት የተለጠፈባት ሰሌዳ ናት። ፎቅ ላይ ራውተር የሚሉት ቁም ሳጥን የሚያህል ማሽን አለ። ካርዷ እሱ ውስጥ ትሻጥና ከየቤቱ የሚመጣውን መልእክት እንደ ትራፊክ ፖሊስ «አንተ በዚህ፣ አንቺ በዚያ» እያለች ትሸኛለች። አንዷ ሞተች ማለት ግማሽ ከተማ ስልኩን እየነቀነቀ ይራገማል ማለት ነው። የአንዷ ዋጋ ደግሞ ቤት ይገዛል።

እና በአንድ ወር ሦስት መለዋወጫ ካርዶች ሞቱ። ከስቶር ወጡ፣ ማሽኑ ውስጥ ገቡ፣ መብራታቸው ሳይበራ ቀሩ። ማሽኑ ላይ የሚገጥማቸው ቀጮ ነው፤ ቴክኒሻኑ፣ የሁለት ልጆች አባት፣ አፉን ለምግብ ካልሆነ የማይከፍት ዝምተኛ።

«አራተኛ ካርድ ከሞተች» አለ የክፍሉ ኃላፊ፣ «ያጠፋው ሰው በዚያው ቀን ይባረራል። ያለ ምንም ጥቅማ ጥቅም!»

መቶ አለቃ ደሟ ፈላ። ያጠፋውማ ይታወቃል!

እሷ እኮ ካርዶቹን እንደ ልጅ ነው የያዘቻቸው። ከወር በፊት ኃላፊው ስቶር ገብቶ፣ በጣቱ መደርደሪያውን ዳሶ፣ አቧራውን አፍንጫዋ ሥር አምጥቶ አሳይቷታል። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው እያንዳንዷን ከዚያ አቧራ ከለበሰ ብርማ ላስቲኳ ታወጣለች። ጭኗ ላይ ታስተኛለች። እህቷ በሠራችላት ወፍራም ሹራብ እጅጌ ከዳር እስከ ዳር ፈትጋ ትወለውላለች። ያ የሚያንሿሿ ላስቲክማ ወዲያው ቆሻሻ መጣያ ነው የሚገባው። ወሩ ደረቅ ነው፣ ከንፈር ይሰነጥቃል፣ አቧራውም ማባሪያ የለው። አንድ ቀን ስትወጣ የበሩ እጀታ ሳይቀር ቆነጠጣት።

«አንተም ከቀጮ ወገንክ?» ብላ በሩን በእርግጫ አለችው።

ሦስተኛዋ ካርድ በሞተች ማግሥት ቀጮ ስቶር መጣ። በሩን ዘግቶ ገባ።

«እትዬ፣ ካርዶቹን ከላስቲካቸው አታውጪያቸው። እንደታሸጉ ስጪኝ።»

«እንደታሸጉ! እንዳላይልህ ነዋ! አሮጌ ቀይረህ ልታመጣልኝ!»

«ኧረ እትዬ፣ ለምን መሰለሽ...»

«ዝም በል! ከሠላሳ ዓመት በፊት ስቶር ስይዝ አንተ ዳይፐር ላይ ነበርክ!»

በሩን ከፍቶ ሄደ። በሳምንቱ ግን ተመልሶ መጣ፤ ያውም ምን ብሎ? «ቁልፉን ለኔ ስጪኝ። የቀሩት ካርዶች እኔ ሣጥን ውስጥ ይቀመጡ። ለማንም አንናገር።»

ለማንም አንናገር! ሌባ ከነምላሱ! መወልወያው የተነሳው ያኔ ነው። እስከ ደረጃው አባረረችው።

ካርድ ያስፈለገው በማግሥቱ ነው። ማሽኑ ውስጥ ያለችው አንዷ ተቃጥላ ስልኩ ሁሉ ይጮሃል። መቶ አለቃ ዛሬ ለማንም አልሰጥም አለች። መለዋወጫዋን አንዴ ጥሩ አድርጋ ወለወለቻት፣ ደረቷ ላይ አጣብቃ አቀፈቻት፣ በደረጃው እያለከለከች ራሷ ወጣች። ኃላፊውን ጠራች። የሒሳብ ክፍሉን ጠራች። ጥበቃውን ሳይቀር ጠራች።

«ዓይናችሁን ክፈቱ! ከኔ እጅ ወደሱ እጅ፤ መሃል ላይ ዝንብ አልገባም!»

ቀጮ ከማሽኑ ብረት ጋር በሽቦ የምትያያዝ አምባሩን አንጓው ላይ አሠረ። «አምባሩን እዩልኝ፣ ሙሽራዬ!» አለች መቶ አለቃ፤ ጥበቃው ሳቀ። ቀጮ አልሳቀም። ካርዷን እንደ እንቁላል ተቀብሎ ቀስ አድርጎ ሻጣት።

ጠበቁ። መብራት የለም። አውጥቶ መልሶ አስገባት። አሁንም የለም።

«ገደላት! በዓይናችሁ አያችሁ! በዓይናችሁ!» ጩኸቷ ታች ያለውን ገንዘብ ከፋይ ሳይቀር ከወንበሩ አስነሳው።

ኃላፊው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «ቀጮ! ስትረከባት ደህና ነበረች?»

ቀጮ ካርዷን አየ። መቶ አለቃን አየ፤ ጣቷን አፍንጫው ላይ ቀስራ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። አምባሩን ከአንጓው ፈታ።

«ደህና ነበረች» አለ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት። አራቱንም።»

ወረቀት መጣ፤ ፈረመ።

መቶ አለቃ ጮቤ ረገጠች። ግን ንዴቷ አልወጣላትም፤ አንዲት የስንብት ስድብ ቀርታታለች። መሣሪያውን ሊሰበስብ ሲሄድ በእግር ጣቷ ተከተለችው። የቴክኒሻኖቹ ክፍል በር ገርበብ ብሏል። ስድቧን ምላሷ ላይ አዘጋጅታ ልትገፋው ስትል፣ የሥራ ባልደረባው የሆነችው ልጅ ስታለቅስ ሰማች።

«አብደሃል ወይ? ሁለት ልጅ ይዘህ፣ ያላጠፋኸውን ትፈርማለህ?»

«በሹራቧ ስትፈትጋቸው በሚፈጠረው ኤሌክትሪክ የምታቃጥላቸው እሷ ናት፤ ጡረታዋ ግን ሦስት ወር ነው የቀራት፣ እኔ ሌላ ሥራ አላጣም።»