ለእስስት የተመረጠ መብራት

ሴትየዋ የሱቁን በር ገፋ አድርጋ ስትገባ ሻጯ የዓሦቹን ውሃ እየቀየረች ነበር። ቀና አለች። እጇ ባልዲው ውስጥ እንዳለ ቀረ።

የድሮ ትምህርት ቤቷ ዳይሬክተር ናት። ፀጉሯ ነጥቷል፣ ወገቧ ጎበጥ ብሏል፤ መነጽሯ ግን ያኔም እንደነበረው በገመድ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

ከሰባት ዓመት በፊት ሻጯ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ዳይሬክተሯ ተማሪ በስሙ አትጠራም፤ በተራ ቁጥሩ ነው። «ስም ያዳላል፣ ቁጥር አያዳላም» ትል ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ቆሞ እየሰማ፣ «ሃያ ሦስት፣ ሆድሽን ይዘሽ ከሰልፉ ውጪ» አለቻት። ሃያ ሦስት ወጣች። ወጥታ ቀረች። ያኔ ሆዷ ውስጥ የነበረችው ልጅ ዛሬ አንደኛ ክፍል ናት።

«ለእስስት መብራት ፈልጌ ነበር» አለች ዳይሬክተሯ መነጽሯን እያደረገች። «ገና የጣት ያህል ነው። እስኪጠነክር ነው ሥጋቴ።»

ትክ ብላ አየቻት። ያወቀቻት አትመስልም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም አለች ሻጯ በሆዷ፤ እጇን በሽርጧ አደራርቃ ተጠጋች።

«ቤቱ መስታወት ነው ወይስ መረብ?»

«መረብ። ምን ምን ያስፈልገዋል?»

«ሁለት ነገር፣ እትዬ። ሙቀትና ጨረር።»

ሙቀቱን በሐቅ መከረቻት። ውሸት ብቻውን አይቆምም፣ የሚደገፍበት እውነት ይፈልጋል።

«አምፖሉን ከመረቡ ውጪ፣ ከላይ ይስቀሉት። ውስጥ ከገባ ይንጠላጠልበትና ይቃጠላል። ከዚያ የእጅዎን ጀርባ ላይኛው ቅርንጫፍ ላይ ያስቀምጡ። እርስዎን ከለበለበ እሱንም ይለበልበዋል። ታች በኩል ቀዝቀዝ ይበልለት፤ ሲሞቀው የሚወርድበት ይፈልጋል።»

«አንድ ክፍል ቤት ውስጥስ? ሰው በሚተኛበት?»

ሴትየዋ ፎቅ ቤት እንዳላት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሀብታም የሚጠይቀው አያጣም። «እሱም ጨለማ ነው የሚፈልገው፤ ሰው ሲተኛ አጥፍተውለት ይተኛል» አለች ሻጯ።

ዳይሬክተሯ ከባንኮኒው በላይ የተለጠፈውን ሥዕል ቀና ብላ አየች። አረንጓዴ እስስት ነው፤ ከሥሩ «የኔ እስስት» ይላል።

«ማን ሳለው?»

«ልጄ።»

«እስስት አላት?»

«ወረቀት ላይ አላት።»

ዳይሬክተሯ በጣቷ ቆጠረች። «አምስት እግር! አራት ነው በያት።»

የሻጯ ጆሮ ጋለ። ይቺ ሴት መቃብሯም ውስጥ ሆና ሰው ታርማለች።

«ጨረሩስ?»

ረጃጅሞቹ ዘንግ መብራቶች መደርደሪያው ላይ ተኝተዋል። አጥንት የሚያጠነክረው፣ ዩቪቢ የሚባለው ጨረራቸው በዓይን አይታይም። ዘንጉ ዓመት ሲሞላው ጨረሩ ያልቃል፣ ብርሃኑ ግን እንደ አዲስ ቦግ ይላል። ይህን ያላወቀ ሰው እስስቱ እየበላና እየጠጣ አጥንቱ እንደ ሰም ይለሰልስበታል። ለዚህ ነው በሱቁ ውስጥ በየዓመቱ ዘንግ የሚቀየረው። አሮጌው እንዳይሰበር በአዲሱ ካርቶን ይከተትና፣ ቂጡ ላይ በእስክሪብቶ ተሰርዞበት፣ እስኪጣል ከባንኮኒው ሥር ይቀመጣል።

የዛሬው የተቀየረው ጠዋት ነው።

ዳይሬክተሯ ከመደርደሪያው አንዱን አንስታ አገላበጠችና መልሳ አስቀመጠችው። «እኔ አልገባኝም። ለራስሽ ቢሆን የትኛውን ትወስጂ ነበር?»

ሻጯ ጎንበስ ብላ ከባንኮኒው ሥር ካርቶን አወጣች። የተሰረዘበትን በኩል በመዳፏ ሸፈነች።

«ለራሴ ቢሆን ይሄንን ነው።»

ሰክታ አሳየቻት። ቦግ አለ።

«አንቺ ካልሽ» አለች ዳይሬክተሯ።

«ዓመት እስኪሞላው እንዳይነኩት።»

ዳይሬክተሯ ካርቶኑን አቅፋ በሩ ላይ ቆም አለች። ዞር ብላ ሥዕሉን አንዴ አየችና ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ሻጯ ቀን የምትቆጥርበት ነገር አገኘች። ልብስ እያጠበች ታስበዋለች። መጀመሪያ ቅርንጫፉን መጨበጥ ያቅተዋል። ከዚያ እግሩ ይቆለመማል። ትየው፤ ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ፣ ዓይኗ እያየ የምትሳሳለት ነገር ይበላሽባት።

አንድ ቀን አንድ ክፍል ቤታቸው ውስጥ የልጇን ፀጉር እየጎነጎነች ሳለ፣ እስስቱስ ምን አጠፋ? የሚል ሐሳብ ሽው አለባት። ልጄስ ሆዴ ውስጥ ሆና ምን አጥፍታ ነበር? ብላ አባረረችው።

«እማዬ፣ እስስት መቼ ነው የምትገዢልኝ?» አለች ልጇ አንገቷን አዙራ።

«ስታድጊ። አትንቀሳቀሺ አልኩሽ!»

አራት ወር ሆነ። ትምህርት ያልነበረበት ቀን ልጇን ይዛ ሥራ ስትገባ ባለሱቁ በአገጩ ወደ ጥግ ጠቆማት።

«እኚያ ባለ ነጭ ፀጉር ሴትዮ በእረፍትሽ ቀን መጥተው ነበር። ‹ለሻጯ ስጣት› ብለው ይሄን ትተው ሄዱ።»

ጥጉ ላይ ጨርቅ የለበሰ የመረብ ቤት ቆሟል።

«ተቆጥተዋል?»

«ኧረ እንጃ። ዓይናቸው እንባ አዝሎ ነበር። ‹ያለችኝን ሁሉ አድርጌያለሁ፣ ምን እንዳጎደልኩ አላውቅም› አሉኝ።»

ሻጯ ሳቋ ጉሮሮዋ ላይ መጣ። አቤቱታ መሆኑ ነው። የምትመልሰውን ሰባት ዓመት ሙሉ አጥንታዋለች። ሄደች፣ ጨርቁን ገፈፈችው።

ሁሉም እንደ ምክሯ ነው። አምፖሉ ከመረቡ ውጪ፣ ቅርንጫፉ በልኩ፣ ቅጠሉ የታጠበ፣ ዘንጉ በቦታው። ላይኛው ቅርንጫፍ ላይ እስስቱ በሁለት የተቆለመሙ የፊት እግሮች ሊጨብጥ ይታገላል።

ልጇ ቀሚሷን ጎተተቻት። «እማዬ፣ የማን ነው?»

ሻጯ መረቡ ላይ የተሰካውን ወረቀት ነቀለች። በቀይ እስክሪብቶ፣ ከትምህርት ቤት በምታውቀው ቀጥ ያለ የእጅ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦

«ለሃያ ሦስት ልጅ። ይኸው ላንቺ ብዬ ያሳደግሁት፣ አራት እግር ያለው እስስት፤ መብራቱን የመረጠችልሽ እናትሽ ናት።»