እድሩ የገዛው አክሲዮን

የትርንጎ ባል ዘርጋው ልቡ የሚመታው ደረቱ ውስጥ በተቀበረ ማሽን ነበር። ማክሰኞ ጠዋት የት እንዳሉ እንኳ የማይታወቁ ሀከሮች በኢንተርኔት ሰርገው ገብተው ማሽኑን አጠፉት፤ ዘርጋው ቁርሱን እንደጎረሰ ቀረ።

የሰፈሩ እድር ደግሞ ገንዘቡን ያዋለው እንዲህ ያሉ ማሽኖችን በሚጠብቅ የሳይበር ደህንነት ኩባንያ አክሲዮን ላይ ነው። አንድ ሰው በተገደለ ቁጥር አገሩ ሁሉ ፈርቶ ጥበቃ ይገዛል፤ የአክሲዮኑም ዋጋ ይወጣል። አይ ዘመን! አምና በእድሩ ስብሰባ «ከትርፉ ለራሳችን ሕመምተኞች ጥበቃ እንግዛ» ሲባል፣ «አክሲዮን ብንጨምርበት ይሻላል» ብላ መጀመሪያ እጇን ያወጣችው ትርንጎ ነበረች።

ለቅሶው ላይ ድንኳኑም ወንበሩም አዲስ ነው። የእድሩ ዳኛ አቶ መንበሩ ጠጋ ብለው፣ «እግዜር ያጽናሽ፤ ይሄ ሁሉ ከትርፉ የተገዛ ነው፤ ዘርጋው በክብር ነው የተሸኘው» አሏት።

ወዲያው የለቀስተኛው ስልክ ሁሉ ተንጫጫ። አክሲዮኑ ወጥቷል። ሴቶቹ ፈገግታቸውን ለመደበቅ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ትርንጎ ልትረግማቸው አፏን ስትከፍት የራሷም ስልክ ጉያዋ ውስጥ ነዘረ። አውጥታ አየችው። ቁጥሩ አልታይ ቢላት እንባዋን ጠረገች፤ ዋጋው እጥፍ ሆኗል።

ቀና ስትል ዓይኗ ፊት ለፊቷ በተቀመጡት ጎረቤቷ በጋሽ ድልነሳ ደረት ላይ አረፈ። የእሳቸውም ልብ የሚመታው በማሽን ነው። ሽማግሌው አስተያየቷን አዩና ጋቢያቸውን እስከ አንገታቸው ሳቡ።