ጽጌማርያም ትዝታዋን ያዋሰች ዕለት

የቀበሌው ቴአትር የወረርሽኙን ዘመን የሚያሳየው በዘመኑ የነበሩ ሰዎችን ትዝታ ራሱን ተውሶ ነው። እሁድ እሁድ ተዋናይዋ የነርሷን የጽጌማርያምን ትዝታ ይዛ መድረክ ስትወጣ፣ ጽጌማርያም ያንን ዓመት ለሁለት ሰዓት ትረሳዋለች። የሞቱባትን በሽተኞች ብቻ ሳይሆን ያኔ የተዋወቀችውን ባሏን፣ የአምቡላንስ ሾፌሩን አምባቸውንም ጭምር።

«ያ ክፉ ዘመን ባያገናኘንስ ትወደኝ ነበር?» እያለ ለራሱ፣ አምባቸው ዛሬም ቴአትሩ ሲጀመር ሸሚዙን ተኩሶ የገዛ ቤቱን በር አንኳኳ። ባለፈው እሁድ «ወንድሜ፣ ቤት ተሳስተሃል» ብላ ዘግታበታለች። ልቡ እንደ ጎረምሳ ልብ ዘለለ።

«ማነው?»

«አምቡላንስ ነኝ!»

«እዚህ የታመመ የለም።»

«እኔ አለሁ እንጂ!»

ከት ብላ ስቃ በሩን ከፈተችና ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ግባ በቃ፣ አንተ ቀልደኛ! ያንን ነጠላ ጫማ አድርግ። የማን እንደሆነ እንጃ፣ ግን ልክህ ይመስለኛል።»

አምባቸው እንደ ሙሽራ እየተሽኮረመመ የራሱን ጫማ አጠለቀ።