የእሁድ ዳገት

የሩጫን ድካም በእጅ አምባር ወደ ቤት መላክ ከተጀመረ ወዲህ፣ ከሰፈሩ የሩጫ ቡድን ጋር የሚሮጠው መኩሪያ ነው፤ የምትደክመው ግን ሚስቱ ወይንሸት ናት። እሁድ እሁድ ሞቅ ያለ የጨው ውሃ ሳፋ ውስጥ እግሯን ነክራ ትጠብቀዋለች። እሱ ትንፋሹ እንኳ ሳይቆራረጥ ይመለስና፣ «ምን ዳገት አለው? ሜዳ እኮ ነው!» እያለ ይጎርርባታል። ባለፈው እሁድ ግን እስከ አልጋዋ በዳዴ ስትሄድ አይቶ፣ የእጁን አምባር ትክ ብሎ ተመለከተው።

ዛሬ የሰፈሩ ዓመታዊ ውድድር ነው። ወይንሸት እግሯን ነክራ ብትጠብቅ፣ ድካም የለ፣ ቁርጥማት የለ። ውሃው ቀዘቀዘ።

«ይሄ ሰውዬ ሻይ ቤት ተጎልቷል!» አለች።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል መኩሪያ ግድግዳ ተደግፎ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ ገባ።

«እህ፣ አንደኛ ወጣህ?»

«መጨረሻ። ጋሽ አሰግድ በከዘራቸው ቀደሙኝ።» ወንበሩ ላይ ተዘረረ። «አምባሩን አጥፍቼው ነበር። ወይኔ ያ ዳገት! ለመሆኑ እስከ ዛሬ እንዴት ቻልሽው?»

ወይንሸት ሳቋን ዋጥ አድርጋ ውሃውን እንደገና አሞቀች፤ ሳፋውንም ወደ እግሩ ገፋ አደረገችለት።

«ምን ዳገት አለው? ሜዳ እኮ ነው!»