የእድር ድንኳን ፋብሪካው በር ላይ

በእኛ ዘመን ዜና የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ አንድ ቃልም ከአንድ በላይ ትርጉም እንዳይኖረው በሕግ ተከልክሏል። ድሮ «ስትራይክ» የአየር ድብደባም የሠራተኛ አድማም ነበር አሉ። ሕጉ ቃሉን ለድብደባ ሰጠውና አድማ በዜናው ቋንቋ ስም አጣ። ስም የሌለው ነገር ደግሞ ዜና አይሆንም።

እማዬና ጓደኞቿ የምሳ ሰዓታቸው ስለተወሰደባቸው ልብስ ስፌት ፋብሪካው በር ላይ ቁጭ ካሉ ሰነበቱ። ማን ይመናቸው! ጎረቤታችን እትዬ ማንያህልሻል እንኳ፣ «አድማ ቢሆን ዜና ላይ አንሰማም ነበር? ተባረሽ ነው እንጂ!» አለቻት። ፋብሪካው ደግሞ ሰኞ ሌላ ሰው ሊቀጥር ነው።

እኔ ዝም ልል? የእድራችን ዳኛ ጋሽ ደምሰው ጋ ሮጥኩ።

«ጋሼ፣ ድንኳኑን ፋብሪካው በር ላይ ይትከሉልን።»

«ማን ሞቶ?»

«ዜና!»

እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ጥሩምባው ተነፋ።

ድንኳን ተተክሎ ማን ይቀራል? ሰፈሩ በሙሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። እማዬ ነገሩን አስረዳቻቸው፤ እትዬ ማንያህልሻልም አፍራ ከፊት ተቀመጠች። ማንም አልተነሳም።

በመጨረሻ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ሬሳ ያለ መስሎት ባርኔጣውን አውልቆ ገባ። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎም ተቀመጠ። እማዬ ንፍሮ ዘግና በእጁ ሰጠችው።

«እንግዲህ ጌታዬ፣ ስለ ምሳ ሰዓታችን እናውራ።»

ሰውዬው ንፍሮውን አየ፣ ሰፈሩን አየ፣ እሺ አለ።